«በላ ልበልሃ» በለንደን ችሎት

ያን ሰሞን የማነበው የአንድ የጥንት አሜሪካዊ ጠበቃ የሕይወት ታሪክ ነበር። አገሩ ገና ጫካ ሳለ ሕግን በውሰት መጽሐፍ ተምሮ፣ በፈረስ ከችሎት ችሎት እየዞረ የተሟገተ፣ በመጨረሻም በምላሱ ብርታት የሕዝብ እንደራሴ የሆነ ሰው። ጸሐፊው ሊቅነቱን አወድሶ አይጠግብም። እኔ ግን ግማሹ ዕድል ነው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ዳኛው ቀልዱን ይሰማለት ነበር።

ይህንን ለንደን፣ ሆሎዌይ መንገድ ካፌ ቁጭ ብለን ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ አጫወትኳቸው። በወጣትነታቸው አገር ቤት ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ ያለ ዲግሪ፣ በአንደበታቸው ብቻ ለሰው የሚሟገቱ።

«ዝም በል አንተ። ዕድል አይደለም፣ አፍ ነው» አሉኝ። «እኔም ለራሴ ጉዳይ ጠበቃ አልፈልግም።»

ጉዳያቸው ቤታቸው ነበር። ካውንስሉ፣ ማለትም የሰፈሩ አስተዳደር፣ ሕንፃውን ሊያፈርስ ስለሆነ ከለንደን ርቃ ባሕር አጠገብ ባለች ከተማ ሌላ ቤት ሰጥቷቸዋል። እሳቸው ግን የሚያጫውታቸው ሰው ያለው ሆሎዌይ ብቻ ነው። አልሄድም ብለው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛዋ ፊት ይህንኑ ቢናገሩ ይበቃ ነበር።

አብሬያቸው ሄድኩ። አስተርጓሚዋ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጨብጠው ቆሙና፣ በድሮው የሙግት ወግ ወደ ካውንስሉ ጠበቃ ዞረው «በላ ልበልሃ» አሉ።

ልጅቷ ግራ ገባት። «አባባ፣ ሶሪ፣ ማነው የበላው?»

ነገሩ የሙግት መክፈቻ ነው፤ «እስቲ ስማኝ፣ ልናገር» እንደማለት። መብል የለበትም። እሳቸው ግን የተከፈተ ቀዳዳ አይተው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

«ካውንስሉ ነዋ።»

«ምን በላ?»

«ቤቴን።»

ልጅቷ ቃል በቃል ተረጎመች፤ «በላ» በአማርኛ ጉቦ ለበላም ይባላል ብላ አስረዳች። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። የሙስና ክስ ነው? ማን ነው የተቀበለው? ማስረጃ አለ? ለጉዳዩ የተያዘው ጊዜ በዚሁ አለቀ። ስለ ጓደኞቻቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ዳኛዋ ቤቱን እንዲለቁ ወስና ነበር።

የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ አስተርጓሚዋን ያማል። እኔ አላማትም፤ የሰማችውን ነው የተረጎመችው። የሚያንገበግበኝ፣ ያን ዕለት ቀልዳቸው የገባኝ እኔ ብቻ መሆኔ፣ እኔም ደግሞ ዳኛ አለመሆኔ ነው።

አሁን ከባሕር ዳሯ ከተማ አንዳንዴ ይደውሉልኛል። በቀደም ስለ ቤቱ ጠየቅኋቸው።

«ቤቱስ ጥሩ ነው፤ ማሞቂያውም ይሠራል» አሉኝ። «ጎረቤቶቼም ደጎች ናቸው። የምለውን ሁሉ ‹የስ፣ የስ› ይሉኛል። እምቢ የሚለኝ ነው የጠፋው።»