ሽማግሌዎቹ የቆሙበት መሬት

ካምፓላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጫማዬን አስወልውዬ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን የአፈር ምርመራ መጽሐፍ በብብቴ ሸጉጬ ነበር ቢሮ የገባሁት። አለቃዬ ኢንጂነር ሙካሳ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ሴቦ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ተወውና ቦት ጫማ አድርግ» አለኝ። ሴቦ እዚህ አገር «ጌታዬ» እንደማለት ነው። ጌታዬ ብሎ የሚያዝህን አለቃ እንዴት እምቢ ትላለህ?

ኦልድ ካምፓላ ወሰደኝ። ከጅምላ ሱቆቹ ፊት አንድ የጭነት መኪና የኋላ እግሩን አስፋልት ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። የሱቁ ደረጃ ተሰንጥቋል፣ የውሃ መስመሩ ተበጥሷል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጄሪካን ይዞ ወጥቷል። ጉድጓዱን ልይ ብዬ ወደ ጫፉ ጠጋ ስል ኢንጂነሩ ቀበቶዬን ከኋላ ይዞ ጎተተኝ። «አፉን አይተህ አትመነው፤ ሆዱ አንተ ከቆምክበት ሥር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እንስራ በለው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ።

እኔም ማወቄን ላሳይ ብዬ፣ «ውሃው የኖራ ድንጋዩን አሟሙቶት ይሆናል» አልኩ። መጽሐፉ እንደዚያ ነዋ የሚለው! ኢንጂነሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የኖራ ድንጋዩ ያለው መጽሐፍህ ውስጥ ነው። እዚህ ከተማ መሬት የሚበላው ቧንቧና ሰው ነው።» ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ስሜ ሚስተር ኖራ ሆኖ ቀረ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከመሬት በታች የውሃ ወይም የፍሳሽ ቧንቧ ይሰነጠቃል። የሚፈሰው ውሃ ዙሪያውን ያለውን አፈር ቀስ እያለ ያጥበዋል፤ አፈሩም በተሰበረ ቱቦ ወይም በአሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ በኩል መሄጃ ካገኘ ይሄዳል። ባዶው ቦታ ከታች ወደ ላይ እየሰፋ ይመጣል። ላይ ያለው አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ግን ምንም እንዳልሆነ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ውስጡን ለቄስ። ከዚያ ኃይለኛ ዝናብ ይጥላል፣ ወይም ከባድ ነገር ይቆምበታል፣ ሰውም «መሬት በድንገት ተከፈተ» ይላል። በድንገት የተከፈተ መሬት እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም ቀደም ብሎ ይናገራል። በር አልዘጋ ይላል፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ወለሉ ይረግባል።

ሰው ግን አይሰማም። ማኬሬሬ ለተማሪዎች ክፍል የሚያከራይ አንድ ባለቤት ወለሉ ለምን እንደረገበ ስጠይቀው፣ «ልጆቹ ሲጨፍሩ ነው» ብሎኛል። አንድ ሌላው ደግሞ ጉድጓዱን በቀይ አፈር በሞላ ቁጥር አፈሩ ወዴት እንደሚጠፋበት ሲገረም ይኖር ነበር። አፈሩ ይጠፋል፣ እሱ ይጨምራል። ጠግቦ የማያውቅ ልጅ የሚያሳድግ አስመሰለው እኮ!

በረዳት ቴክኒሽያንነት ጀምሬ ሲኒየር እስክሆን ድረስ ከእጄ ያልተለየው መሣሪያ ዲሲፒ የምንለው ነው። ረዥም የብረት ዘንግ ሲሆን ላዩ ላይ የሚንሸራተት መዶሻ አለው። መዶሻውን ታነሳና ትለቀዋለህ፣ ዘንጉ በየምቱ ምን ያህል እንደገባ ትለካለህ። ትንሽ በትንሽ ከገባ ደግ ነው። አንዴ መትተኸው ሸርተት ብሎ ከጠፋ ግን ዕቃህን ሰብስብና በመጣህበት ዱካ ተመለስ።

ቡኮቶ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ውስጥ ሸርተት ብሎ ጠፋ።

እትዬ ዘነበች ምግብ ቤት አላቸው። ካምፓላ ያለ የእኛ ሰው ሽሮ ሲያምረው እዚያ ነው የሚሄደው። ግቢያቸው ውስጥ፣ አቮካዶው ጥላ ሥር፣ የእጅ መታጠቢያ አሠርተዋል። የእኛ ሰው ሳይታጠብ አይበላ፣ በልቶ ሳይታጠብ አይሄድ፤ ቧንቧው ቀኑን ሙሉ ሲፈስ ይውላል። የሠራው ሰው ግን ፍሳሹን ከዋናው መስመር ጋር አላገናኘውም፤ መሬት ውስጥ ቀብሮት ሄደ። ከሥሩ ደግሞ የድሮ ተከራዮች በላይ በላዩ ደፍነው የተዉት የሽንት ቤት ጉድጓድ ነበር።

ወለሉ ሲረግብ እትዬ ሲሚንቶ አስለሰኑበት። ደግሞ ሲረግብ ደግሞ አስለሰኑበት። ምሳ ልበላ ሄጄ ስረግጠው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ፤ በማግስቱ ዘንጌን ይዤ ተመለስኩ፣ ያው የነገርኳችሁ ሆነ።

«እትዬ፣ ውሃውን ይዝጉት። ቦታውን በገመድ ልከልለው፣ ሰው አይቁምበት» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ እሑድ ለቤዛ ሽማግሌ ይመጣል እኮ! ግቢዬን እንደ ወንጀል ቦታ በገመድ አጥሬ ልቀበላቸው?»

«ሽማግሌዎቹ እንዲገቡበት ነው ወይስ እንዲወድቁበት?»

«አፍህን ያዝ! ሳሎን ነው የሚገቡት። ሰኞ እንደፈለግህ ቆፍረው።»

ቤዛ አንድ ልጃቸው ናት። ዘመድ አጠገባቸው ስለሌለ እሑድ ከቤተሰቡ ወገን እንድቀመጥ ጠይቀውኝ ነበር። ቢቆጡም ገመዴን በቦታው ዙሪያ አስሬ ሄድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ደረስኩ። የቦዳ ሞተሩን ሒሳብ ሳልጨርስ ዓይኔ ግቢው ላይ ወደቀ። ገመዱ የለም። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቄጠማ ለብሷል። ወይ ጉድ! ስንጥቁን ሁሉ ሸፍነውት፣ እኔ ራሴ ቦታውን በአቮካዶው ባልለየው ኖሮ እረግጠው ነበር።

«ገመዱስ?»

«አላማረኝም፣ ፈታሁት።»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፣ ከፊት ጋሽ ደሳለኝ ከዘራቸውን ይዘው። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር በቀጥታ ወደ አቮካዶው ጥላ ሄዱና ቆሙ። ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል!

«ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ሳሎን ግቡ» አሉ እትዬ።

«የመጣንበትን ሳንናገር ደጃፍ አናልፍም» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ ቁሞ ይለምናል።

እትዬም ሳምንቱን ሙሉ የተለማመዱት መልስ ነበራቸው፦ «ከዘመድ ተማክረን ቀጠሮ እንሰጣለን።» በመጀመሪያው ልመና የሰጠች እናት ልጇን ጣለቻት ይባላላ።

ጠጋ ብዬ፣ «ጋሽ ደሳለኝ፣ አፈር ስሆን ወደዚህ ይምጡልኝ። ከሥርዎ የመታጠቢያው ውሃ አፈሩን አጥቦት፣ ባዶው ከታች ወደ ላይ…» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ።

ጋሽ ደሳለኝ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ልጄ፣ ብዙ ቤት ሽምግልና ሄጃለሁ። ውሻ የለቀቁብን አሉ፣ ዝናብ ላይ ያቆሙን አሉ። በቧንቧ የመለሰን ሰው ግን አላየሁም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እሳቸው ይባስ ብለው ለንግግሩ ከዘራቸውን መሬት ተከሉ።

የከዘራው ጫፍ ቄጠማው ውስጥ ገባ። እሳቸው ልብ አላሉትም። እትዬ ዘነበች አዩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሰጥቻለሁ!» ብለው ጮኹ።

ጋሽ ደሳለኝ ደነገጡ። «ገና መች ጠየቅን?»

«ሳትጠይቁም ሰጥቻለሁ! ልጄን ሰጥቻለሁ! በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ከዚያ ውጡ!»

ከውስጥ ቤዛ፣ «እማዬ!» ስትል ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ግራ እየገባቸው፣ እየተሳሳቁ አንድ በአንድ ወደ ሳሎን ገቡ። እኔ ሮጬ ውሃውን ዘጋሁ፣ ወንበሮች ደርድሬ ቦታውን አጠርኩ። እጃቸውን በማስታጠቢያ ታጠቡ፣ ምሳ ቀረበ።

ሁለተኛው ወጥ ሳይወጣ ዱብ የሚል ድምፅ ቤቱን አነቃነቀው። ወጥተን ስናይ መታጠቢያው የለም፣ ሲሚንቶው የለም፣ ቄጠማው የለም። ወንበሮቼም አብረው ገብተዋል። የማድ ቤቱ ግድግዳ ጥግ መሠረቱ ታጥቦ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ደሳለኝ ጉድጓዱን ከደጃፍ አዩ፣ ከዘራቸውን አዩ፣ ከዚያ ማንም ቁጭ በሉ ሳይላቸው ቁጭ አሉ።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ ቀጠሮ ስላልሰጡን እግዜር ይስጥልን» አሉ።

እትዬ አለቀሱ። «በይሉኝታ ሰው ልፈጅ ነበር» አሉ።

ሰኞ ጉድጓዱን እስከ ጠንካራው መሬት ጠርገን፣ ከሥር ድንጋይ፣ ከላይ አፈር በየደረጃው እየደለደልን ሞላነው፤ ፍሳሹንም ከዋናው መስመር አገናኘነው። ማታ ታሪኩን ለኢንጂነር ሙካሳ ነገርኩት፣ ሙገሳ ጠብቄ።

«ስለ አፈሩ ስታስረዳቸው የት ቆመው ነበር?» አለኝ።

«ላዩ ላይ።»

«እና ታስረዳለህ?»

ለጀማሪዎች የምለው ይህንኑ ነው። ከሥር ባዶ መሆኑን ካወቅህ መጀመሪያ ሰውን አንሳ፤ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ንገረው።