የዊልፍ ፓስኮ ጆሮ

ታላቁ ጦርነት ካበቃ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። መንግሥት አዲስ የጦር መርከብ ከመሥራት አሮጌዎቹን ማደስ መረጠና፣ እኛ «አሮጊቷ» የምንላትን መርከብ ደቡብ እንግሊዝ ወዳለው ወደባችን ላካት። እንፋሎት የሚያፈሉላትን ቦይለሮች አውጥተን አዲስ ተከልን፣ መድፎቿ አርቀው እንዲተኩሱ አደረግን፣ ከውሃ ሥር የሚተኮስ ቶርፒዶ እንዳይጎዳት በሁለቱም ጎኗ የብረት ሆድ ጨመርንላት። እኔ ግን የማወራው ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ዊልፍ ፓስኮ ነው።

እኔና ዊልፍ ምስማር ፈታሾች ነበርን። ሌሎች ብረት ከብረት የሚያጣብቁትን ምስማሮች እንደጋሉ ይቀጠቅጣሉ፤ እኛ ሲቀዘቅዙ እያንዳንዱን በትንሽ መዶሻ ነካ እናደርጋለን። ድምፁ ጥርት ካለ ጠብቋል፣ ከደነዘዘ ላልቷል። ዊልፍ ወጣትነቱን በቀጥቃጭነት ስለጨረሰ ጆሮው ከሄደ ቆይቷል። ማን ይወቅበት? እዚያ ጩኸት ውስጥ ሁላችንም ከንፈር እያየን ነው የምናወራው።

እሱ ራሱ ያወቀው አንድ እሑድ ጸሎት ቤት ነው። መዝሙሩ አልቆ ሰው ሁሉ ሲቀመጥ፣ ዊልፍ ብቻውን ቆሞ ይዘምራል። ሚስቱ ላቭዴይ ቆነጠጠችው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ዛሬም ድረስ ያሳፍረኛል።

ሰኞ ምሳውን ሳይነካ ጎትቶ ወሰደኝ።

«በዚህ ወር ያሳለፍኳቸውን ምስማሮች አልሰማኋቸውም። የሰማሁ መስሎኝ ነው።»

«ዝም በል እንጂ! ለጡረታህ ሁለት ዓመት ነው የቀረህ።»

«ነገ ቀለም ይቀቧቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ያገኛቸዋል?»

«ውሃ አያስገቡም፣ ምን አስጨነቀህ?»

«ዛሬማ አያስገቡም። ቶርፒዶ ሲመታትስ? ሺህ ሰው ነው የምትጭነው፣ አንተ!»

አለቃችን ትሬጌር ቢሮ ገባን። ሙያውን ያስተማረው ዊልፍ ስለሆነ ይወደዋል። ሰምቶ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዊልፍ፣ ይህን ከሰማህ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ወደ ሥራህ ተመለስ።»

ዊልፍ መልስ እየጠበቀ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በዓይኔ በሩን ባሳየው ወጥቶ ይሄድ ነበር፤ ሥራውም ይተርፍለት ነበር። እኔ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ጨከንኩበት። ስለዚያ ሺህ ሰው ስል ጨከንኩበት።

ትሬጌር ዞሮ አሁንም እንደቆመ አየው። «ዕቃህን ሰብስብ» አለው፣ ከንፈሩን እያሳየ።

ጆሮዬ ገና ደህና ስለነበር ፍተሻው ለእኔ ተሰጠ። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ሃያ ሦስት የላሉ ምስማሮች አገኘሁ። በአምስተኛው ቀን ቤቱ ስሄድ ደጃፉ ላይ ጠበቀኝ።

«ስንት?»

በጣቶቼ አሳየሁት። ደረጃው ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እንኳንም ተናገርኩ» አለኝ። እሱ በሹክሹክታ የነገረኝ መስሎት ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ።