ለባለሸራዋ የሠራሁት ጌጅ

እጄ አርፎ አያውቅም። መካነ ሰላም ገበያው ዳር ባለች ሱቄ ስልክና ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ የሚጠገን ሲጠፋ ደግሞ ደህናውን ፈትቼ መልሼ እገጥማለሁ። እናቴ «አንቺስ ጤነኛ ነገር አትወጂም» ትለኛለች። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ግን እጄን ብቻ ሳይሆን ልቤንም ዕረፍት የነሳ ነገር መጣ። የአባቴ ጆሮ ደከመ።

አባቴ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላና ወደ አቀስታ ሰውና እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። መኪናቸው በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ አገሩ ሁሉ «ባለሸራዋ» ይላታል። ዳሽቦርዷ ላይ ፍጥነትና ናፍጣ የሚያሳዩት ጌጆች እኔ ሳልወለድ ነው የሞቱት። የፍጥነቱ ጌጅ ወልቆ በቀረው ቀዳዳ ነፋስ እንዳይገባ አባቴ ጨርቅ ወትፈውበታል። የሞተሩን ሁኔታ የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር፤ ናፍጣውን ደግሞ በባሕር ዛፍ በትር ይለካሉ። በትሩ ላይ ቁጥር የለም። በቢላ የተጫሩ ምልክቶች አሉት፣ እያንዳንዱ ምልክት የአገር ስም አለው። ናፍጣው እዚህ ከነካ ከላላ ያደርሳል፣ እዚህ ከነካ አቀስታ፣ አፍ እስካፉ ከሆነ ደሴ።

ደሴ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ የጆሯቸውን ነገር ሲሰማ ደወለልኝ። «ሞተሩን የማይሰማ ሰው ዳገት ላይ አቃጥሎት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከባሰም ገደል ይገባል። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው አግኝቻለሁ፤ ትሸጥ» አለኝ። ነገሩ እውነት ነበረው፤ ያናደደኝም እውነት መሆኑ ነው። ባለሸራዋ ከሄደች አባቴ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ የሚውሉ ሽማግሌ ሊሆኑ ነው። እሳቸው ደግሞ መቀመጥ አይችሉም፤ እኔስ ከማን ወረስኩት?

«ጆሮ ባይሰማ ዓይን ያያል። ጌጅ እሠራላቸዋለሁ» አልኩት።

«ሥሪና መጥቼ አብሬያችሁ ዳገቱን እወጣለሁ። ካላሳመነኝ ግን ትሸጣለች» አለ።

ደሴ ወርጄ ከተጣሉ መኪኖች ዳሽቦርድ ቀስት የሚያዞሩ ትንንሽ ሞተሮች ለቃቀምኩ። እነሱን የምታዝ ክብሪት የምታህል ሰርኪት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። የጌጁን ፊት የቆረጥኩት ከእናቴ የአሉሚኒየም ትሪ ነው። ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮኽኩ፣ ትሪው ግን አንዴ ተቆርጦ ነበር። ፍጥነቱንና የዘይቱን ግፊት አባቴ ያለ መነጽር እንዲያዩት በትልልቅ ቁጥር ጻፍኩ። ናፍጣው ላይ ግን ቁጥር መጻፍ እምቢ አለኝ። በትሩን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እሱን እያየሁ ከላላ፣ አቀስታ፣ ደሴ ብዬ ጻፍኩበት። አባቴ ፊደሎቹን በጣታቸው ዳሰሱና «ማሻአላህ! ይሄማ የኔ በትር አይደል?» አሉ። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

የቀረው የሙቀቱ ነበር። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ዜሮንና መቶን እንዲያውቅ ማድረግ አለብኝ። ለዜሮው ከሰዓት በኋላ የጣለውን በረዶ ከግቢ አፍሼ ቀበርኩበት። ለመቶው እናቴ ባቄላ የጣደችበት ድስት ውስጥ ከተትኩት። ውሃው ሲንተከተክ «ይሄ መቶ ነው» ብዬ መዘገብኩና ዘጠና አምስት ሲደርስ ቀይ መብራት እንዲበራ አደረግኩ። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች «የኛ አገር ውሃ መፍላቱንስ ይፈላል፣ ማብሰሉ ነው የጠፋው። ቆላ ቢሆን ይሄኔ በስሎ ነበር» አለች። የትሪውን ቂም የምትወጣብኝ መሰለኝና ሴንሰሩን ይዤ ወጣሁ።

ወንድሜ መጣ። አባቴ መሪውን ያዙ፣ እሱ ጎናቸው ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ በመካከላቸው አንገቴን አሰገግኩ። ሜዳው ላይ ቀስቶቹ ሁሉ ልክ ነበሩ። የአቀስታን ዳገት ተያይዘነው ብዙም ሳንርቅ ቀዩ መብራት ቦግ አለ። አባቴ አዩትና ዳር ይዘው ቆሙ። ኮፈኑን ከፍተን ጠበቅን። ተነሣን፣ እንደገና በራ፣ እንደገና ቆሙ። ሚኒባሶች ጥሩምባ እየነፉ አለፉን። አባቴ በዚያ ዳገት ቆመው አያውቁም፤ እኔ በኀፍረት ጥፍሬን እበላለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲበራ አባቴ ቁልፉን ነቅለው ወንድሜ እጅ ላይ አኖሩ።

«ታማለች። ሰውየው ነገ ይምጣና ይውሰዳት» አሉ።

ቁልቁሉን የነዳው ወንድሜ ነው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ምሳ አቀረበች። ባቄላው ጥርስ ይሰብራል። «ከጠዋት ጀምሮ ሲንተከተክ ነው የዋለ፤ ምን ላድርገው?» አለች። የያዝኩት ጉርሻ ከእጄ ወደቀ። ከጠዋት ጀምሮ ተንተክትኮ ባቄላ ያላበሰለ ውሃ እንዴት ነው መቶ የሚሆነው?

እየሮጥኩ ኬሚስትሪ ከምታስተምር ጓደኛዬ ቴርሞሜትር ተዋስኩና ሱቄ ውስጥ ውሃ ጣድኩ። ውሃው ገንፍሎ ምድጃውን ሲያጠፋው እንኳ ቴርሞሜትሩ ከዘጠና አንድ ንቅንቅ አላለም። ደጋ ላይ ውሃ መቶ ሳይደርስ ነው የሚፈላው። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ እናቴም ድስቱ ሥር ሆና ነግራኛለች። ዘጠና አንዱን መቶ ብዬ ስለመዘገብኩበት ጌጁ ጤነኛዋን መኪና ትኩሳት አለባት ሲል ነበር የዋለው። ቁጥሩን አስተካከልኩ።

አባቴ ግቢ ውስጥ፣ ባለሸራዋ ጎማ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ «አባዬ፣ አልሞቀችም! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«የጋለ ሞተር ሽታው ይለያል። ፔዳሉም ለእግሬ ይነግረኛል። ምንም አልሆነችም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ቆሙ? ለምን ቁልፉን ሰጡት?»

ወንድሜ በአካባቢው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ልበል ታዲያ? ወንድምሽ ፊት ልጄ የሠራችው ይዋሻል ልበል? መኪናዋ ትሂድ እንጂ እሱንስ አልለው ወላሂ።»

ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ፍቅር ማን ጠየቀዎት ብዬ ጮኽኩባቸው፣ መኪናዋን በእርግጫ መታሁ፣ ከዚያ አጠገባቸው መሬት ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉና «በይ ተነሺ፣ ተነሺ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት የናፍጣ ማጠራቀሚያዋን ሰልባትዮ አፍ እስካፉ ሞላሁና ወንድሜ ፊት ቆምኩ። «ስህተቱ የኔ ነው፤ የመኪናዋም የአባዬም አይደለም። ሰውየው ሳይደርስ አንዴ ብቻ እንውጣ» አልኩት። እያጉረመረመ ቁልፉን ሰጣቸው።

ያንኑ ዳገት ተያያዝነው። የሙቀቱ ቀስት ወደ ዘጠና አምስቱ ተጠጋና ሳይነካው ቆመ። ወንድሜ ከቀስቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም፤ እኔም ያንኑ አያለሁ። አባቴ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም። መንገዱን እያዩ፣ ማርሽ በቦታው እየቀነሱ፣ ትናንት የቆምንባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አለፏቸው።

ጫፍ ላይ ስንወጣ ያን ጊዜ ብቻ ጌጁን አዩ። የሙቀቱን ትተው በጣታቸው የናፍጣውን መታ መታ አደረጉና ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ደሴ ይላል። ላድርስህ?»

ወንድሜ ሳቁ አመለጠው። ስልኩን አወጣና ሰውየውን እንዳይመጣ ነገረው።