መርፌው ያላገኘው

ባለፈው ሳምንት፣ አያት ኮንዶሚኒየም፣ የልጅ ልጄን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ አልማዝ ወረቀት ይዛ መጣች። ኩላሊቷ ላይ እብጠት አለ ብለዋት በመርፌ ናሙና ተወስዶላት ነበር። "እማማ፣ ነጻ ነኝ። እልል ይበሉልኝ" አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ደግሜ አነበብኩት።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ሃያ ሁለት ሰፈር እህል እነግድ ነበር። ሌሎቹ ነጋዴዎች ጆንያውን በሹል ቧንቧ ወግተው፣ መዳፋቸው ላይ የፈሰሰችውን አይተው ይገዛሉ። እኔ ሳላዘረግፍ አልገዛም። ከላይ ማኛ ጤፍ፣ ከመሃል አሸዋ የሆነ ስንት ጆንያ አይቻለሁ።

አባቴ ቦሌ ቡልቡላ ያርስ ነበር። አንድ ክረምት ሽንቱ ደም ቀላቀለ። በዚያ ጭቃ ደግፈን አስፋልት አወጣነውና ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ግራ ኩላሊቱ ላይ እብጠት ታየ፣ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱን ከላቦራቶሪ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ "ካንሰር አልተገኘም" ይላል። ዶክተሩን እንኳ ሳልጠይቅ በግ አሳርጄ ጎረቤቱን ሁሉ አበላሁ።

በማግስቱ ዶክተሩ፣ ኩላሊቱ መውጣት አለበት አለን። ደሜ ፈላ።

"መርፌው 'አለበት' ቢል ታምኑታላችሁ፣ 'የለበትም' ሲል አታምኑትም። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?" አልኩት፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማ።

"እህቴ፣ ካገኘው አገኘው ነው። ካላገኘው ግን መርፌው ስቶት ሊሆን ይችላል። የእብጠቱ መልክ አላማረኝም።"

"ታዲያ ሽማግሌውን ለምን ወጋችሁት? ተነስ አባዬ፣ እንሂድ።"

አባቴ አልተነሳም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገና፣ "ልጄ፣ የእኔን የአባትሽን ጤፍ እንኳ ሳትዘረግፊ ገዝተሽኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። "ዶክተር፣ ይቅደዱኝ። እሷ ላይ አይፍረዱባት፣ ፈርታልኝ ነው።"

ኩላሊቱ ወጥቶ ሲመረመር ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ አልተሰራጨም። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አረሰ። በጉን የበሉት ጎረቤቶች ሊጠይቁት ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ይባስ ያሳፈረኝ ግን፣ ለአንድ ጆንያ ጤፍ የማደርገውን አባቴን መንሳቴ ነው። ያ ኮሪደር ትዝ ሲለኝ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

"ምነው፣ ደስ አላለዎትም?" አለች አልማዝ።

"ዶክተሩ ምን አለሽ?"

"ገና አላየሁትም።"

ነጠላዬን አነሳሁ። "ነይ አብረን እንሂድ። እልልታው ይቆየናል።"

ታክሲ ውስጥ፣ አባቴ ለእኔ እንዳደረገው ነገሩን በአንድ ቃል ላስረዳት ብዬ ደጋግሜ አሰብኩ። እሱ የነገረኝ የማውቀውን ነበር። እሷ ጤፍ ነግዳ አታውቅም። እጇን ብቻ ያዝኩ።