በር ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች

ወደ እስር ቤቱ ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሽንት ቤቱን ነበር። ከእጅ መታጠቢያው ጋር አንድ ላይ የተበየደ ብረት ነው፤ ከታችኛው አልጋ ራስጌ አንድ እርምጃ ርቆ ይቆማል። መጀመሪያ የታሰርኩ ጊዜ አምስት ወር እዚያው ቤት ስለኖርኩ አዲስ አልሆነብኝም። ጠባቂው ፍራሹን አስታቅፎኝ "ወደ ቤትህ በደህና መጣህ" ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ ባያስቀኝም ልክ ነበር። በዋስ ወጥቼ ውጭ የቆየሁት አርባ አንድ ቀን ብቻ ነው።

የፖለቲካ እስረኛ ነበርኩ ስል የሚስቁብኝ ወዳጆች አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ስለ አገር ቤቱ ጦርነት እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሁለት ጎራ ለይተን ስንጯጯህ፣ አንድ ሰው ተነሥቶ "የሞቱት የሥራቸውን ነው ያገኙት" አለ። ከሞቱት አንዱ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ሰውዬውም ያውቃል፤ ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ስድስት ዓመት አብረን ቆመናል፣ ለቅሶ ሊደርሰኝም መጥቶ ነበር። የሚታጠፍ የብረት ወንበር አንሥቼ ፊቱን መታሁት። ሲወድቅ ደግሜ መታሁት። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ግራ ጆሮው መስማት አቆመ።

ስታሰር የእኛ ጎራ ሰዎች ፎቶዬን አሳትመው "ጀግናው ይፈታ" እያሉ ዴንቨር መሀል ሰልፍ ወጡልኝ። እኔም ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ጀግና ነኝ ብዬ አምን ነበር። መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሾርባ በቀሰም እየጠጣ ስለከረመው ሰው ብዙም አላሰብኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የተባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

ክሱ ተጓተተ። ምስክሩ ብዙ ነው፣ አስተርጓሚ ይጠፋል፣ ቀጠሮ ይዛወራል። በአምስተኛው ወር ዳኛዋ በፊርማዬ ብቻ በዋስ ለቀቀችኝ። እግሬ ላይ መከታተያ ታሰረልኝና አንድ ወረቀት ፈረምኩ፦ የመታሁትን ሰው በቀጥታም ሆነ በሦስተኛ ወገን በኩል እንዳላገኘው። አስተርጓሚው ቃል በቃል አንብቦልኛል፣ አልሰማሁም ልል አልችልም። ሦስተኛ ወገን ሲሉ ግን ዱላ የያዘ ጓደኛ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ይጨምራል ብሎ ያሰበ አንድም አበሻ አላውቅም።

ባለቤቴ "ይሄ ኬዝ በሽማግሌ ካላለቀ በኮርት አያልቅም" ስትለኝ ወደ አጎቷ ስልክ መታሁ። አጎቷ ያኔ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ግሌንዴል ይኖራሉ፤ ከኤርፖርት ፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ወጥተው የሰው ትዳር ሲያስታርቁ ይውላሉ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ሰውዬው ቤት ይሂዱልኝ" አልኳቸው።

"ለመታረቅ ነው ወይስ ለክሱ?"

"ለመታረቅ ነው።"

ዋሸኋቸው። የፈለግኩት ምስክርነቱን እንዲተውልኝ ነበር።

ሁለት እኩዮቻቸውን ይዘው በኮልፋክስ ጎዳና በአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ መጡ፤ ፒዮሪያ ፌርማታ ላይ ወርደው በእግራቸው ሰውዬው አፓርትመንት ደረሱ። በሩን የከፈተችላቸው ልጁ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እዚሁ የተወለደች። "ግቡ፣ ቁጭ በሉ" አለቻቸው በምታውቃት አማርኛ። ሽማግሌ ደግሞ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ገብተው በሩ ሥር ቆሙ።

"አባትሽን ጥሪልን ልጄ። እሺ ካልተባልን አንቀመጥም፣ አንሄድምም" አሏት።

አባቷ ጓዳ ተኝቷል፤ አፉ ገና በደንብ አይከፈትም። ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈችና ፖሊስ ጠራች። ሽማግሌዎቹ ፖሊሱ ሲመጣም እንደቆሙ ነበሩ። ማን ላካችሁ ሲባሉ የባለቤቴ አጎት "ማንም አልላከኝም፤ በራሴ ነው የመጣሁት" አሉ። በማግስቱ እኔን ከቤቴ ወሰዱኝ።

እንግዲህ ልናገረው ወደፈለግሁት ቀን ደረስኩ። ከተመለስኩ ሦስተኛው ቀን ነው። ዋስትናዬ ይጽና ወይስ ይነሣ የሚለውን ዳኛዋ የምትሰማው በማግስቱ ነበር። የላይኛው አልጋ ባለቤት ጠዋት ተፈትቶ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ከምሳ በኋላ፣ የክፍሎቹ በር ክፍት በሚሆንበት ሰዓት፣ ሦስት ሰዎች መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

ፊተኛው እስከ አንገቱ የተነቀሰ፣ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚያንስ ወጣት ነው። ሁለቱ ከኋላው ሆነው ብርሃኑን ጋረዱት። አንደኛው ኑድል የሚሉትን ደረቅ ፓስታ በላስቲኩ ውስጥ እያደቀቀ ይበላል።

"ክፍሉን እንፈልገዋለን" አለኝ የተነቀሰው በእንግሊዝኛ። "የአጎቴ ልጅ ዛሬ ይገባል። ሂድና ክፍል ቀይሩልኝ በላቸው።"

አልችልም። የተመደበበትን ክፍል እንቢ ያለ ይጻፍበታል፣ የተጻፈውም ነገ ዳኛዋ ፊት ይነበባል። መደባደብም ያው ነው። ግራ ቢገባኝ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ፍራሼ ላይ ጥግ ድረስ ተጠጋሁና "ተቀመጡና እንነጋገር" አልኩ።

አልተቀመጡም። ኑድል የሚበላው ማኘኩን አቆመ። ከታች ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ የወለል ማጽጃው ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። እኔ እነሱን አያለሁ፣ እነሱ እኔን ያያሉ፤ ማንም አይናገርም። ደቂቃ ይሁን አምስት ደቂቃ አላውቅም።

ከዚያ ገቡ። ሁለቱን እጆቼን ብብቴ ሥር ከተትኩ፤ ካወጣኋቸው እንደሚመቱ አውቃለሁ። የተነቀሰው ካልሲ ውስጥ በታሰረ ሳሙና ጆሮዬ ላይ መታኝ፤ ጆሮዬ ጮኸ፣ ቀጥሎ ሁሉም ነገር ከሩቅ የሚሰማ ሆነ። ማጅራቴን ይዞ ፊቴን ከሽንት ቤቱ ብረት ጠርዝ ጋር አጋጨው። የፊት ጥርሴ ቀጭ አለ። አጥንት ሲሰበር ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ፣ በገዛ እጄ። ስወድቅ የጎን አጥንቴን ረገጡኝ። አንድ፣ ሁለት ብዬ መቁጠር ጀምሬ ስድስት ላይ ጠፋብኝ። እንዳልጮኽ እጅጌዬን ነክሼ ነበርና ጨርቁን አፌ ውስጥ ከደም ጋር ጎረስኩት። ሽንቴም አመለጠኝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ሲበቃቸው የተነቀሰው እጁን በእኔ ፎጣ ጠራርጎ ወጣ። በሩን ቀስ ብለው ገጠም አድርገውት ሄዱ።

ወለሉ ላይ እንደተኛሁ በተለይ አንዷ ጊዜ ትመጣብኝ ነበር፤ ከመመታቴ በፊት ያለችው፣ በሬ ላይ ቆመው ዝም ያሉባት። ከሳሙናውም ከብረቱም የባሰ የፈራሁት እሷን ነው። ሦስት ሰው በርህን ይዞ ተቀመጥ ስትለው ካልተቀመጠ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰውነትህ ያውቀዋል። ያቺ ልጅ ያንን አይታለች። አባቷ በወንበር የተቀጠቀጠ፣ የቀጠቀጠው ሰው በዋስ የወጣ፣ ሦስት ወንዶች ሳሎኗ ውስጥ ቆመው አንሄድም ይላሉ። እኔ ቤቴ ሆኜ "ምን አስፈራት፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው" ብዬ ተናድጄ ነበር። አፈርኩ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጠባቂው ሲመጣ ምን ሆንክ አለኝ።

"ከአልጋ ወደቅኩ።"

"ከታችኛው አልጋ?"

"ከታችኛው።"

ወለሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ነርስ ጠራልኝ።

በማግስቱ እጅና እግሬ በሰንሰለት ታስሮ ችሎት ገባሁ። የባለቤቴ አጎት ከኋላ አግዳሚው ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። መንግሥት ያቆመልኝ ጠበቃ ወጣት ናት፤ ፊቴን ስታይ ደነገጠች፣ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ቀረብ ብላ በአስተርጓሚው በኩል "አላውቅም ነበር በል" አለችኝ። "ሽማግሌው በራሴ ሄድኩ ብለዋል። ያ ከጸና ዋስትናህ ይተርፋል።"

መጀመሪያ ልጅቷ ተናገረች። አላለቀሰችም። "ቁጭ በሉ አልኳቸው፣ አንቀመጥም አሉኝ። ሂዱ አልኳቸው፣ አንሄድም አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ሲንኳኳ አልከፍትም" አለች። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ ተከሳሹ ካልላካቸው ሽማግሌው ራሳቸው ምስክር በማስፈራራት ሊከሰሱ እንደሚችሉ ለዳኛዋ አሳሰበ። ይህን የሰማሁት በጆሮ ማዳመጫው ነው። ዘወር ብዬ ሳይ የባለቤቴ አጎት ማዳመጫ የላቸውም፤ የተባለውን አልሰሙም፣ ለእኔ አይዞህ እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ተነሣሁ። ጠበቃዬ ክንዴን ያዘች፤ ቀስ ብዬ አስለቀቅኳት።

"የላክኋቸው እኔ ነኝ" አልኩ። "ለመታረቅ ነው ብዬ ዋሽቻቸዋለሁ። የላክኋቸው ምስክርነቱን እንዲተውልኝ ነው። እሳቸው ፖሊሱን የዋሹት ለእኔ ብለው ነው። በእኛ ባህል ሽማግሌ የሚቆመው ለልመና ነው፤ ለዚች ልጅ ግን ይህን ማንም አልነገራትም። መፍራቷ ልክ ነው። ይቅርታ ትጠየቅልኝ።"

ጥርሴ ስለተሰበረ ቃሉ እያፏጨ ነበር የሚወጣው። አስተርጓሚው "ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ" አለ። እንደገና ሁሉንም ተናገርኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር።

ዳኛዋ ለጥቂት ጊዜ ወረቀቷን አየች። እውነቱን በመናገሬ አመሰገነችኝ፤ ዋስትናዬንም አነሣች። ሲወስዱኝ የባለቤቴ አጎት ከአግዳሚው ተነሥተው ቆሙ። የችሎቱ ፖሊስ ቁጭ ይበሉ ቢላቸው እኔ ከበሩ እስክወጣ አልተቀመጡም።

ከሳምንት በኋላ በቪዲዮ ሊጠይቁኝ መጡ። ስክሪኑን በጣም ስለቀረቡት ግንባራቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

"ምነው ልጄ፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ቢያስሩኝስ?"

"እርስዎን አሳስሬ እኔ የት እገባለሁ፣ ጋሼ?"

"ለመታረቅ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"አዎ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ለመታረቅ ነው።"

"እንግዲያው ቀኑ ይድረስ" አሉኝ።

ፍርዱ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ፈጀ። ጥፋተኛ ተባልኩ፤ የታሰርኩት ታስቦልኝ ቀሪውን በገደብ ጨረስኩ። አሁን የኩላሊት እጥበት በሽተኞችን በቫን አመላልሳለሁ። የፊት ጥርሴን አላስተከልኩም፤ ባለቤቴ ትነዘንዘኛለች። ፎቶዬን ይዘው ሰልፍ የወጡት ሰዎች ዛሬም ጀግና ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። ሰውዬውን እንዳላገኝ የሚከለክለው ትእዛዝ ያበቃው ባለፈው ወር ነው። አላመንኩም፤ ጠበቃዋ ጋ ደውዬ ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ።

ባለፈው ቅዳሜ የባለቤቴን አጎት ቤታቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ሰማንያ አምስት ሞልቷቸዋል። ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁኝ፤ አሁኑኑ የምንሄድ መስሏቸው ነበር።

"መጀመሪያ ልጅቷን እንጠይቃት" አልኳቸው።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እሳቸው ናቸው የተናገሩት። "ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ቤታችሁ የቆምኩት ሽማግሌ ነኝ። ያም ሰው አብሮኝ አለ። እንምጣ ወይ? አትምጡ ካልሽን አንመጣም።"

ስልኩን አስቀምጣ ወደ አባቷ እንደሄደች ገባኝ፤ በቀኝ ጆሮው በኩል ጮክ ብላ ስትነግረው ይሰማል። ከዚያ ተመለሰች።

"ኦኬይ፣ ሰንዴይ ኑ። በት ፕሊስ" አለች፣ "ስትመጡ ቁጭ በሉ።"

የባለቤቴ አጎት እኔን አዩኝ። ሽምግልና ከጀመሩ ስልሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሺ ሳይባሉ የሰው ወንበር ላይ አርፈው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንቀመጣለን ልጄ" አሏት።