በእግሯ ያስኬድኳት ሊቀመንበር

የረጠበ ካኪ ሽታ ከሌላ ጨርቅ ይለያል። ባለፈው ሮቤ ገበያ አንድ ሰልባጅ ሻጭ ዝናብ ደብድቦት የካኪ ሱሪ ሲጨምቅ አጠገቡ ደረስኩ። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የመጣሁበትን ትቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አየሽ፣ ካኪ ለብሼ ሜዳ ላይ የቆምኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ የስምንት ወር እርጉዝ ሆኜ።

የሴቶች ማኅበራችን ለአብዮት በዓል ሰልፍ ይለማመድ ነበር። ትኩሳት ከያዘኝ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ሳስል ሆዴ ድንጋይ ይሆናል። ጎረቤቴ አሮጊቷ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬስ አትሂጂ» ብለውኝ ነበር። ግን ስም ይጠራል፤ የቀረች ሴት የስኳር ኩፖኗ ይያዛል። ሊቀመንበሯ ዘንድ ሄጄ ለመንኳት። ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ፣

«ጉንፋን ነው እኮ! ለጉንፋን ሰልፍ የቀረች ሴት እስቲ አሳዩኝ!» አለች።

«እርጉዝ ነኝ፣ ጓድ።»

«ፈቃድ ያለው ለአራስ ነው። ስትወልጂ ነይ፣ እፈቅድልሻለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አፍሬ አብሬ ሳቅኩ። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ዝናቡን ፊታችን ላይ ይረጨው ነበር። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ስንል ወደቅኩ። ልጄ በማግስቱ ያለ ቀኑ መጣ፤ ወንድ ነበር። ጎባ ሐኪም ቤት ያለችው ሲስተር ባሌን፣ «ኢንፍሉዌንዛ እኮ ነው። እርጉዝ ላይ ይበረታል፤ ሳንባዋን ይይዛታል፣ ልጁንም ያለ ቀኑ ያመጣዋል። ምነው ቶሎ ብታመጣት?» አለችው። ልጄ ሦስት ቀን ብቻ ተነፈሰ። እሱ ካለፈ በኋላ ወተቴ መጣ። ጡቴን በመቀነት ጠፍሬ፣ ያቺን ሊቀመንበር በልቤ፣ «አንድ ቀን ደጄ ላይ ትቆሚያለሽ» አልኳት።

ቆመች። ከዓመታት በኋላ ነው፣ ሊቀመንበርነቷን ተነጥቃ። ባሌ ጋሪ ነጂ ነው፤ ዝናብ እየጣለ ፈረሱን ሲጠምድ እርጉዝ ልጇን ደግፋ መጣች። ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ባሳላት ቁጥር «አዮ፣ አዮ» እያለች እናቷን ትጠራለች። ምጥም ጀምሯታል።

«እባክሽ እህቴ፣ ጎባ አድርሱልኝ።»

«ጉንፋን ነው እኮ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አስታወሰች።

ባሌ፣ «ተይ አንቺ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ልጅቷን ራሴ አቅፌ ጋሪው ላይ አወጣኋት፤ አጠገቧ ተቀምጬ ጋቢዬን ደረብኩላት። እናትየው ልትወጣ እግሯን ስታነሳ፣ «አይበቃም» አልኩ። ይበቃ ነበር።

ከሮቤ ጎባ ድረስ በእግር በዚያ ዝናብ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ዞር ዞር እያልኩ አየኋት። እያነሰች እያነሰች ሄዳ ስትጠፋ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የልጅቷ ራስ ግን ጭኔ ላይ ይነድ ነበር፤ ፊቷን ከዝናቡ በነጠላዬ እከልልላት ነበር።

እናትየው እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ደረሰች። «ልጄስ?» አለችኝ። ልጅቷ ተገላግላ ነበር፤ ሕፃኑም ደህና ነበር። አውቃለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። አልነገርኳትም። ግድግዳውን ይዛ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ቆሜ አየኋት። ሲስተር ወጥታ እስክትነግራት ዝም አልኩ።

ዛሬ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ የወለድኳት ልጄ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ጉንፋን ይዟት ጓዳ ተኝታ ታስላለች። ነገ ጠዋት ጎባ ይዣት እሄዳለሁ። ያቺን ዝምታዬን ሰው ባያውቃት እግዜር አይረሳትም፣ በልጄ ይከፍለኛል እያልኩ እፈራለሁ። ለልጄ አልነገርኳትም። ግንባሯን ስዳብስ፣ «እማዬ፣ እጅሽ በረዶ ነው» ትለኛለች። እጄን ብብቴ ሥር አሙቄ እመለሳለሁ።