የድመታችን ፎረፎርና የአባቴ ጥቁር ሱፍ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ፣ የምሠራበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ፣ ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ጥቁር ካፖርት ትከሻው ላይ ነጭ ፎረፎር ተበትኖበት አየሁና ሳቄ አመለጠኝ። ሰውዬው ዞር ብሎ ገላመጠኝ። "ይቅርታ፣ ድመት አለህ እንዴ?" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ደግነቱ የምወርድበት ፎቅ ደረሰ። እናንተም እንደኔ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት በፎረፎር ስትጨነቁ ብትከርሙ ኖሮ ትስቁ ነበር።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እናቴ፣ አባቴና እኔ ብቻ። ድመቷን የሰጡን ከጎናችን ይኖሩ የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው፤ የአረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ ይዘዋት መሄድ አልተፈቀደላቸውም። በራችን ላይ ቆመው እያለቀሱ ለአባቴ አስረከቧት። አባቴ ደግሞ የሰው እንባ ካየ ቤቱንም ቢሆን ይሰጣል። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ያረጀች ድመት ናት፤ ስሟ ፔፐር፣ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው። እኔ በደስታ ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ሮጥኩበት። እናቴ ግን እጇን አጣምራ፣ "አይጥ በሌለበት ቤት ድመት ምን ልትሠራ ነው?" አለች።

አባቴ ክሪስታል ሲቲ ካሉ ሆቴሎች እንግዳ እየጫነ ኤርፖርት የሚያደርስ ሹፌር ነበር፤ ሥራው ጥቁር ሱፍ ያስለብሳል። ጠዋት ጠዋት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል፣ ፔፐር እንደምንም ተንጠላጥላ ትከሻው ላይ ትወጣና አንገቱ ሥር ትጋደማለች። የጫማው ቀለም ሽታ፣ የማሞቂያው ሽውታ፣ የእሷ ኩርርታ። አባቴ እስክትጠግበው ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃታል።

አንድ ቀን ታዲያ ፊቱ ጠቁሮ ገባ።

"ሥራ የሚመድበን ዲስፓቸር ኮል አደረገኝ" አላት እናቴን። "አንድ ከስተመር ኮምፕሌይን አድርጓል፤ ሹፌሩ ትከሻው ላይ ዳንድረፍ፣ ፎረፎር አለው ብሎ። ከተደገመ የኤርፖርት ሥራ የለህም ነው የሚለኝ።"

እናቴ መድኃኒቱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። እሑድ ወንበር ላይ አስቀምጣ ራሱን በለጋ ቅቤ ለወሰችውና ፌስታል አጠለቀችበት። ቅቤው እየቀለጠ በጆሮው ሥር ይወርዳል፣ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፣ እኔ በሳቅ ልሞት ነው። ሰኞ ትከሻው ያው ነው። በሚቀጥለው እሑድ ደገመችው፤ አሁንም ያው።

እኔና አባቴ ግን ነገሩ ከማን እንደሚረግፍ እናውቅ ነበር። ፔፐርን ሳሻሽ እጄ ላይ የቀረውን ነጭ ነገር ወስጄ ሳሳየው፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ "ዝም በይ! እናትሽ ካወቀች ዛሬውኑ ታስወጣታለች" አለኝ። ሰውዬው እኮ ድመት ለማዳን ብሎ ነው ሁለት እሑድ ሙሉ ራሱን ለቅቤ የሰጠው!

ምስጢራችንን ያወጣችብን ፀሐይ ናት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፔፐር መስኮቱ ሥር ተጋድማ፣ ብርሃኑ ጥቁር ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ፣ ከወገቧ እስከ ጭራዋ ዱቄት የተነፋባት መስላ ታየች። እናቴ ድመቷን አየች፣ አባቴን አየች፣ እኔን አየች።

"ለዚህ ነው ቅቤዬን ያባከንኩት?"

"ማም፣ ፕሊስ!"

"ፕሊስ የለም። እንጀራችንን ልታሳጣን ነው። ሰኞ የእንስሳት ሼልተር ትሄዳለች።"

ከዚያ ገበያ ወጣች። አባቴም ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ሳሎኑ መሀል ቆሜ አለቀስኩ፣ አለቀስኩና ድንገት አእምሮዬ ቦግ አለ! ቅቤው አባቴን ያላዳነው በሽተኛው እሱ ስላልሆነ ነው፤ ትክክለኛዋ በሽተኛ ላይ ቢቀባስ? ልቤ እየዘለለ ከፍሪጅ የተረፈውን አወጣሁና ፔፐርን ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ለቀለቅኳት። አቤት ደስታዬ! እናቴ ስትመለስ የምታየውን የሚያብረቀርቅ ጀርባ እያሰብኩ ብቻዬን እጨፍር ነበር።

ፔፐር መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥላ ቅቤ መሆኑ ገባት። ምላሷ የደረሰበትን ሁሉ ላሰችው። ያልደረሰችበትን ሶፋው ላይ ተንከባልላ ጠረገችው። እናቴ በሩን ስትከፍት ሶፋው በቅቤ ወዝቷል፣ ፔፐር ምንጣፉ ላይ ታስመልሳለች፣ እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ እነፈርቃለሁ። ቁጣዋን ጠብቄ ነበር። ድመቷን ጥቂት አየቻትና፣ "የታመመ ነገር አይጣልም፤ መጀመሪያ ትዳን" ብላ አባቴጋ ደወለች።

አባቴ አንዲት ደንበኛው የነገረችውን አሌክሳንድሪያ ያለ የእንስሳት ሐኪም ቤት ያውቅ ነበር። ወንዙን በድልድይ ስንሻገር ፔፐር ጭኔ ላይ ባለው ካርቶን ውስጥ ታቃስታለች፤ መኪናው ውስጥ የሚሸተው ቅቤ ብቻ ነው።

"ምንድን ነው የቀባችኋት?" አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያየች።

እኔና እናቴ ወደ አባቴ ዞርን። በመጨረሻ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ "በተር" አለ።

ሴትዮዋ ሳቋን ለመዋጥ ብዙ ታገለች። የፔፐርን ሆድ ዳሰሰችና ቅቤው እስኪወጣላት እንጂ ክፉ ነገር እንደሌለባት ነገረችን። ቀጥላ ፀጉሯን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ከፈለች፣ በፕላስተር ቅርፊቱን አንስታ ተባይ እንደሆነ ለማወቅ በማይክሮስኮፕ አየች። እኔንም አሳየችኝ! እንደ ተሰበረ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነገር ብቻ፤ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። "ቆሻሻ ድመት አይደለችም" አለች። ድመት ራሷን የምታጸዳው በምላሷ ነው፤ ይቺ ግን ወፍራም ናት፣ ዳሌዋም አርጅቷል፣ ዞራ ጀርባዋን መላስ አትችልም። የማሞቂያው ደረቅ አየር ሲጨመርበት ቆዳዋ ይረግፋል። በየቀኑ ቀስ ብሎ ማበጠር፣ እርጥብ ምግብ፣ ብዙ ውኃ፣ ክብደቷን ቀስ በቀስ መቀነስ። የሰው ሻምፖ አይሆንም፤ የሚቀባ ነገርም ሁሉ እርም።

እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ስትዞር ያማታል?"

"ያማታል" አለች ሐኪሟ።

መኪናው ውስጥ ስንገባ እናቴ ፍርዷን ሰጠች፦ "ሦስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ ሱፉ ላይ አንዲት ነገር ካየሁ ቃሌ ቃል ነው።"

ማበጠሪያ ገዛን። ፍሪጁ ላይ የቀን ሰሌዳ ለጠፍኩ፣ ባለቀለም እስክሪብቶ አዘጋጀሁ፣ ለፔፐር ንግግር አደረግኩላት። አባቴም ለጥንቃቄ ጫማውን ሊፍቱ በር ላይ ወጥቶ ያስር ጀመር። አምስት ቀን እንደ ጉድ አበጠርኩ። በስድስተኛው ቀን የጓደኛዬ ልደት ነበር። በሰባተኛው የትምህርት ቤት ፕሮጀክት። ከዚያ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ሰሌዳውን ማየት እንኳ ፈራሁ። እንዲህ ነበርኩ እንግዲህ፤ ለመጀመር የሚያክለኝ የለም።

የፍርዱ ቅዳሜ ደረሰ። ሳሎን ቆምኩ። አባቴ ሱፉን ለብሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ ለጫማው ጎንበስ አለ፣ ፔፐር ወጣችበት። ስትወርድ እናቴ እጁን ይዛ መስኮቱ ጋ ወሰደችው፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እዪው" አለኝ አባቴ።

ትከሻው ጥቁር ነው። ጥቁር ብቻ! አባቴ ማረጋገጫ እንዲሆን ብሎ እስክስታውን ለቀቀው፤ ትከሻውን እያርገፈገፈ ሳሎኑን ሁለቴ ዞረ፤ ምንም አልረገፈም። እናቴ ከልቧ ሳቀች። "ይሁን፣ ትቀመጥ" አለች። ጩኸቴን ታችኛው ፎቅ ሳይሰማው አይቀርም። "አይ ዲድ ኢት! አይ ዲድ ኢት!" እያልኩ ዘለልኩ፤ እንዲያውም ከመዝለሌ ብዛት የእውነት እኔ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። እናቴ "ጎበዝ የኔ ልጅ" አለችኝና ወደ ኩሽና ገባች።

ሰኞ ከወትሮዬ ቀድሜ ነቃሁ። መስኮቱ ገና ግራጫ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ የማበጠሪያ ድምፅ ይሰማል። እናቴ የሥራ ዩኒፎርሟን ለብሳ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ፔፐር ጭኗ ላይ ፎጣ ተነጥፎላት ተኝታለች። ፔፐር የሚለውን ስም ትታ ቁንዶዬ ትላታለች።

"ቁንዶዬ፣ ዞር በይልኝ እስቲ። እዚህ ጋ ነው አይደል የሚያምሽ? ቀስ እላለሁ። አንቺስ ታስነኪኛለሽ። ያቺ ልጄ ሚድል ስኩል ከገባች ወዲህ ፀጉሯን አታስነካኝም። 'አይ ካን ዱ ኢት ማይሰልፍ' ነው የምትለኝ፤ ራሴው እሠራዋለሁ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ እጄ ለምዶ ምን ላድርገው?"

በሩ ጋ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ገፍቼ ገብቼ፣ እግሯ ሥር ተቀምጬ ፀጉሬን ብሰጣት በቃ፤ ሌላ ምንም መናገር አያስፈልገኝም ነበር። አፈርኩና ተመልሼ ብርድ ልብሴን ተከናነብኩ።

ፔፐር ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ያንን የማበጠሪያ ድምፅ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። አንድም ቀን ገብቼ አላውቅም።